ተገልብጦ መወርወር ፋውል ነው እንዴ?

ክረምቱ ሲወጣ ባሕር ዳር ውስጥ ክፍት ቦታ ሁሉ ኳስ ሜዳ ይሆናል። ሁለት ድንጋይ ጎል ነው። መስመሩ በኖራ ይሰመራል፤ ኖራ ከጠፋ መሬቱ በዱላ ይጫራል፤ እሱም ካልሆነ በስምምነት ነው። ዳኛው ብዙ ጊዜ እግሩን የታመመ ተጫዋች ወይም በዕድሜ ከፍ ያለ የሰፈር ልጅ ነው። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ከፍፁም ቅጣት ምት ይልቅ የእጅ ውርወራ ያጨቃጭቃል። ፍፁም ቅጣት ምት በጨዋታ አንዴ ቢመጣ ነው። የእጅ ውርወራ ግን በየደቂቃው አለ። ሁሉም ሰው ደግሞ ሕጉን የሚያውቅ ይመስለዋል።

ሰሞኑን ጭቅጭቁ ብሷል። ጣጣውን ያመጣችው እንግሊዝ ናት። ረጅም ውርወራ በፕሪሚየር ሊጉ እንደገና ፋሽን ሆኗል። የብሬንትፎርዱ ማይክል ካዮዴ ኳሷን ከመስመር ዳር እስከ ጎል አፍ ሲያደርሳት ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ ያየ ልጅ፣ እሁድ ጠዋት ሜዳ ላይ ያንኑ ይሞክራል። አንዳንዱ ከሩቅ ተንደርድሮ ይመጣል። አንዳንዱ ይዘላል። ጂምናስቲክ የቀመሰው ደግሞ ኳሷን እንደያዘ ይገለበጣል። ከዚያ ግማሹ ሜዳ «ፋውል!» ብሎ ይጮኻል፣ ግማሹ ያጨበጭባል።

አብዛኛውን ጊዜ ልክ የሚሆነው የሚያጨበጭበው ነው። የእጅ ውርወራ ሕግ የሚመዝነው አንዲት ቅጽበትን ነው፤ ኳሷ ከእጅ የምትለቀቅበትን። ከዚያ በፊት ልጁ ቢሮጥ፣ ቢሽከረከር፣ ቢገለበጥ ሕጉ ግድ የለውም። ጩኸታችን ግን ሁልጊዜ ከዚያ ቅጽበት በፊት ባየነው ነገር ላይ ነው።

ሕጉን የሚያወጣው አይፋብ የሚባለው ቦርድ ነው። አራቱ የብሪታንያ ማኅበራትና ፊፋ አብረው የሚቀመጡበት፣ በ1886 የተቋቋመ አካል ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ17ቱ የጨዋታ ሕጎች 15ኛው ስለ እጅ ውርወራ ነው። ኳሷ በምትለቀቅበት ጊዜ ወርዋሪው ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ይቆማል። የሁለቱም እግሮቹ የተወሰነ ክፍል መስመሩን ወይም ከመስመሩ ውጪ ያለውን መሬት ይነካል። ኳሷን በሁለት እጁ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ አምጥቶ በጭንቅላቱ ላይ አሳልፎ፣ ከወጣችበት ቦታ ይወረውራታል። ተቃራኒ ተጫዋች ቢያንስ 2 ሜትር መራቅ አለበት። ስለ አሯሯጥ የተጻፈ ነገር የለም። ስለ ውበትም የለም።

የሚገለበጠውን ልጅ በዚህ እንለካው። ኳሷን በሁለት እጁ እንደያዘ ይንደረደራል፣ መሬት ላይ ይተክላታል፣ በእሷ ላይ ተገልብጦ በሁለት እግሩ ይቆማል፣ ይለቃታል። ሲለቃት ፊቱ ወደ ሜዳው ነው። እግሮቹ መሬት ነክተዋል። ኳሷ ከጭንቅላቱ ኋላ መጥታለች። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው? «ኳሷ መሬት ነክታለች» የሚል አይጠፋም። ነክታለች፣ ግን ገና በእጁ ናት፣ ገና ከሜዳው ውጪ ናት፣ ገና አልተወረወረችም።

ሌላው ክርክር ትንሽ ጠለቅ ያለ ነው። «አደገኛ ጨዋታ ነው፣ ራሱን ሊሰብር ይችላል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሕግ 12 አደገኛ አጨዋወትን ሲያስረዳ ተጫዋቹ በራሱ ላይ የሚያመጣውን አደጋም ያካትታል። ነገር ግን ያ የሚሠራው ኳስ በጨዋታ ላይ ሆና፣ እሷን ለመጫወት ሲሞከር ነው። እዚህ ኳሷ ውጪ ናት። በዚህ ምክንያት ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ያልተጻፈ ሕግ እየተረጎመ ነው። በኮረት ሜዳ ላይ የሚገለበጥን ልጅ «ተው የኔ ወንድም፣ አንገትህን» ብሎ መምከር ይቻላል። ኳሷን ወስዶ ለተቃራኒ መስጠት ግን አይቻልም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1990ዎቹ ለኒውካስል ይጫወት የነበረው ስቲቭ ዋትሰን እየተገለበጠ ይወረውር ነበር። ዴንማርካዊው ቶማስ ግሮንማርክ በ2010 በዚሁ ዘዴ 51.33 ሜትር ወርውሮ በዓለም ክብረ ወሰንነት ተመዝግቦለታል። ይህ ሰው በ2018 ዩርገን ክሎፕ ሊቨርፑል የወሰደው የእጅ ውርወራ አሰልጣኝ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ስቆበታል። ለእጅ ውርወራ ብቻ አሰልጣኝ ይቀጠራል እንዴ? የሚገርመው ግን ሊቨርፑሎችን መገለባበጥ አላስተማራቸውም። ትኩረቱ ኳሷን ቶሎ መጣልና ከተወረወረችም በኋላ ሳይነጠቁ መቆየት ነበር።

የብዙዎቻችን ትዝታ ግን ሚላድ ሞሐመዲ ነው። ሰኔ 2018፣ የዓለም ዋንጫ፣ ካዛን ከተማ። ኢራን በስፔን 1 ለ 0 ትመራለች፣ ጭማሪ ሰዓት ላይ ናቸው። ልጁ ኳሷን ሳማት፣ ወደ ኋላ ሄዶ ተንደረደረ፣ ተገለበጠ፣ ቆመ። ከዚያ አልወረወረም! ወደ ኋላ ተመልሶ እንደማንኛችንም ወረወረ። ዓለም ሁሉ ሳቀ። ዳኛው ምንም አላለም፣ ትክክልም ነው። ኳሷ ከእጁ አልወጣችማ። ያልተወረወረ ውርወራ ጥፋት ሊኖረው አይችልም። ሊጠየቅ የሚችለው በባከነው ሰዓት ነው፤ እየተሸነፈ ሰዓት የሚያባክን ተጫዋች ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

ፋውል የማይሆኑ «ፋውሎች»

ሜዳ ዳር የሚጮኹትን ሰብስቤ ብመዝናቸው ሚዛን የሚደፋው «ኳሷ ተሽከርክራለች» የሚለው ነው። ሽክርክሪት በሕጉ ውስጥ የለም። በርግጥ ኳሷ ወደ ጎን በኃይል ከተሽከረከረች አንዱ እጅ ብቻውን ሠርቶ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ግን ዳኛው መፍረድ ያለበት ባየው እጅ ነው፣ በኳሷ አዟዟር አይደለም። ሁለቱም እጆች ከወረወሩ አንዱ ከሌላው ቢበረታ ምንም አይደለም። ቀኝ እጁ የሚበረታ ሰው ሁሉ ኳሱ ትንሽ ይዞራል።

እግርን በተመለከተ ያለው ግንዛቤ ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ተረከዝ ቢነሳ ችግር የለም፣ ጣቶቹ መሬት ላይ እስካሉ። የኋላ እግር ቢጎተትም ችግር የለም። ከመሬት ከተነሳ ግን ጥፋት ነው፤ በቴሌቪዥን ከምናያቸው ረጅም ውርወራዎች ውስጥ ደግሞ የኋላ እግሩ በመጨረሻዋ ቅጽበት ብድግ የሚል ስንቱ ነው! የመስመር ዳኛው እጁን ይይ ወይስ እግሩን? ሁለቱንም ባንዴ ማየት ይከብዳል። ያማረውን ዘዴ እየከሰስን እውነተኛውን ጥፋት የምናሳልፈው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የማያምነኝ ደግሞ ይሄ ነው፤ ጣቶቹ ሜዳ ውስጥ ገብተው ተረከዙ መስመሩን ቢነካ ውርወራው ትክክል ነው። ሕጉ የሚለው የእያንዳንዱ እግር የተወሰነ ክፍል መስመሩ ላይ ወይም ውጪ ይሁን ነው። መስመር ረገጠ ብሎ መጮኽ ከንቱ ነው። ሙሉ እግሩ መስመሩን አልፎ ከገባ ያኔ እንነጋገር።

በተቃራኒው ተንበርክኮ ወይም ቁጭ ብሎ መወርወር አይፈቀድም። በትልቅ ልዩነት የሚመራ ቡድን ለማሾፍ ሲያደርገው ይታያል። መዝለልም አይፈቀድም፣ ሁለቱ እግሮች አየር ላይ ናቸዋ። ኳሷን ከፊት ለፊት ጣል ማድረግም አይሆንም። ከጭንቅላት ኋላ ካልመጣች አልተወረወረችም።

ቅጣቱም ይምታታል። ውርወራው ከተበላሸ ኳሷ ለተቃራኒ ቡድን ትሰጣለች፣ እነሱ ይወረውራሉ። ቅጣት ምት የለም። ውርወራው ትክክል ሆኖ ኳሷ ሜዳ ሳትገባ ውጪ መሬት ከነካች ግን ያው ቡድን ይደግማል። ከጣና የሚነሳው የከሰዓት ነፋስ ሲበረታ ይህ ያጋጥማል። ኳሷ መስመሩን ሳትሻገር ነፋሱ ውጪ ይመልሳታል፣ ወዲያው «የኛ ነው፣ የናንተ ነው» ይጀመራል። የወረወረው ቡድን ነው፣ ድጋሚ ይጣል።

ብልጣ ብልጥ የምትባል አንድ ዘዴ አለች። ጓደኛ የሚቀበለው ሲያጣ፣ ጀርባውን የሰጠ ተቃራኒ ላይ ኳሷን ወርውሮ ስትመለስ ራሱ መጫወት። ሰው ሲያያት ነውር ትመስላለች። ሕጉ ግን በግልጽ ፈቅዷታል፣ ግድየለሽነት ወይም ኃይል እስካልበዛበት ድረስ። ወርዋሪው ራሱ ኳሷን ደግሞ መንካት የሚችለው ሌላ ተጫዋች ከነካት በኋላ ነው፤ ተቃራኒም ቢሆን ሌላ ተጫዋች ነው። ፊት ላይ ከወረወረበትና ሆን ብሎ ከሆነ ግን ካርድ ማውጣት ነው።

ዴላፕና የፎጣው ዘመን

ስለ ረጅም ውርወራ ተነስቶ ሮሪ ዴላፕን ማለፍ አይቻልም። በልጅነቱ ጦር ወርዋሪ ነበር። ስቶክ ሲቲ በ2008 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ የዚህ ሰው ትከሻ እንደ ተጨማሪ አጥቂ ተቆጠረ። በዚያው ዓመት ኅዳር 1 ቀን ስቶክ አርሰናልን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ሁለቱም ጎሎች የመጡት ከእሱ ውርወራ ነው። ዴላፕ ግን አልተገለበጠም፣ አልዘለለም። ኳሷን በፎጣ አድርቆ፣ ተንደርድሮ፣ ዝቅ ያለችና ፈጣን ውርወራ ይልክ ነበር። ሌሎች የሚያሻሟት ኳስ ከፍ ብላ ስትመጣ በረኛ ወጥቶ ይይዛታል። የእሱ ጠፍጣፋ ነበረች፣ ለመውጣት ጊዜ አትሰጥም።

ተቃራኒዎቹ ያደረጉት ከእሱ ውርወራ በላይ የሕግ ጥያቄ ያስነሳል። መንደርደሪያ እንዳያገኝ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ወደ መስመሩ ያስጠጉ ነበሩ። የሃል ሲቲው ዲን ዊንዳስ ተቀያሪ ሆኖ ሳለ ዴላፕ ፊት እየተንጎራደደ ሰውነቱን «ሲያሟሙቅ» ቢጫ አየ። የሃል በረኛ ቦአዝ ማይሂል ደግሞ ኳሷን ለእጅ ውርወራ ከማውጣት ኮርና መስጠትን መረጠ። ኮርና ተመራጭ የሚሆንበት ጉድ! በሕጉ ወርዋሪን ማደናቀፍ ወይም ወደ 2 ሜትር ክልል መግባት በቢጫ ያስቀጣል፤ ውርወራው ተጥሎ ከሆነም ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ያሰጣል። በሰፈር ጨዋታ ላይ ወርዋሪው አፍንጫ ሥር ቆሞ እጁን የሚያወናጭፈው ልጅ፣ ከሚገለበጠው ይልቅ ፊሽካ የሚገባው እሱ ነው።

ውርወራ ይህን ያህል የሚያስፈራው ኦፍሳይድ ስለሌለው ነው። ከ1920 ጀምሮ ከእጅ ውርወራ በቀጥታ ኳስ የሚቀበል ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ አይባልም። አጥቂው በረኛው ላይ ተለጥፎ ቢጠብቅ ማንም አይከለክለውም።

ለባሕር ዳር ልጆች ደግሞ ተፈጥሮም ትንሽ ታግዛለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከጠረፍ ከተማ አየር ይሳሳል፣ ኳሷን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል። ዋናው ግን የሚለቀቅበት አቅጣጫ ነው። ብዙ ልጅ ሩቅ ለመድረስ ወደ ላይ ይወረውራል። በ2006 በእንግሊዙ ብሩኔል ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ለእጅ ውርወራ ጥሩው አቅጣጫ 30 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል፣ በትምህርት ቤት የምናውቀው 45 አይደለም። ምክንያቱ የሰው አካል ነው። ወደ ላይ በወረወርን ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። መንደርደሪያውም ወሳኝ ነው። ባሕር ዳር ስታዲየም የሩጫ መም ስላለው ለወርዋሪ ቦታ ሞልቷል። ግንብ ተደግፎ በተሰመረ የሰፈር ሜዳ ላይ ግን ሁለት እርምጃ ካገኘህ ዕድለኛ ነህ። የጣና ሞገዶቹን፣ ማለትም ባሕር ዳር ከተማን፣ ስናይ የመስመር ተከላካዮቻችን ይህን ሰፊ ቦታ ለምን እንደማይጠቀሙበት አንዳንዴ ይገርመኛል።

ሌላም የሚያከራክር ነገር አለ፣ በቀጥታ ጎል መግባት። ከእጅ ውርወራ በቀጥታ ጎል አይቆጠርም። ተቃራኒ ጎል ከገባች የግብ ምት ነው፣ የራስ ጎል ከገባች ኮርና ነው። መስከረም 2002 በበርሚንግሃም ደርቢ የአስቶን ቪላው ኦሎፍ ሜልበርግ ለራሱ በረኛ ለፒተር ኤንከልማን ወረወረለት። ኳሷ በእግሩ ሥር ሾልካ መረብ ውስጥ ገባች። ዳኛው ዴቪድ ኤለሪ ጎል አለ፣ በረኛው ነክቷታል በሚል። ካልነካት ኮርና ነበር። ነካ አልነካ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። በረኛ ጎሉን ለመከላከል ከሚሯሯጥ ዝም ቢል የሚሻለው እዚህ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እግረ መንገዴን ላንሳው፦ ከ1997 ወዲህ በረኛ ከጓደኛው እጅ ውርወራ በቀጥታ የመጣለትን ኳስ በእጁ መያዝ አይችልም። የሰፈር በረኞች ይህን ያውቃሉ ወይ? ያየኋቸው አብዛኞቹ በእጃቸው ይይዛሉ፣ ዳኛውም ያሳልፋል።

ርቀትን መጀመሪያ ላይ ሕጉ አይፈልገውም ነበር። በ1863 በእንግሊዝ በተጻፈው የመጀመሪያ ሕግ ኳሷን ቀድሞ የነካ ይወረውራል፣ ውርወራውም ከመስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ነው። በሁለት እጅ መወርወር ግዴታ የሆነው በ1882 ነው። በአንድ እጅ እንደ ድንጋይ እየተወረወረ በጣም ሩቅ ይደርስ ስለነበር ነው። «ታዲያ ዴላፕና ተገልባጮቹ የሕጉን ሐሳብ አላፈረሱም?» የሚል ሰው ጥሩ ነጥብ አለው። ሕግ አውጪዎቹ ግን ከ140 ዓመት በላይ አግኝተው ርቀትን በቀጥታ አልከለከሉም። የአወራወሩን ቅርጽ ወሰኑ፣ ውጤቱን ተዉት። ለኔ ይህ ተገቢ ነው። አንድ ልጅ በልምምድ ያገኘው ትከሻ እንደ ሌላው ሰው ግራ እግር ያለ ችሎታ ነው።

የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ረጅም ወርዋሪ ከሜዳው ማዶ እየተራመደ ይመጣል፣ ፎጣ ይጠይቃል፣ ረጃጅሞቹ ተከላካዮች ከኋላ እስኪመጡ ይጠብቃል። ጨዋታው ቆሟል። በ2025 ኳስ ከ8 ሰከንድ በላይ በእጁ የሚያቆይ በረኛ ለተቃራኒ ኮርና እንዲያሰጥ ተደርጎ ሕጉ ተቀይሯል፣ ዳኛውም ጣቱን እያሳየ ይቆጥራል። ቆጠራው ወደ እጅ ውርወራም ይምጣ የሚለው ሐሳብ ሕግ አውጪዎቹ ዘንድ ውይይት የተደረገበት ነው። እኔ እደግፈዋለሁ። መገለባበጡን ሳይነኩ መዘግየቱን ብቻ የሚመታ ነውና።

ከዚህ የባሰውን ያሰቡም አሉ። በ1993 ጃፓን ላይ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ውርወራው ቀርቶ በእግር ተሞክሯል። አርሰን ቬንገርም በ2020 ተመሳሳይ ሐሳብ አንስቷል። ፉትሳል እንደዚያ ነው፣ ግን ሜዳው ትንሽ ነው። በትልቅ ሜዳ ላይ የወጣች ኳስ ሁሉ እንደ ቅጣት ምት ልትሻማ ነው ማለት ነው። ያኔ ተከላካይ ኳስ ማውጣት ይፈራል፣ አጥቂው ደግሞ ከመጫወት ይልቅ ተከላካይ እግር ላይ መትቶ ማስወጣትን ይመርጣል። ዴላፕ ላይ ያጉረመረመ ሰው ይህንን አይቶ ይወስን።

ለሰፈር ዳኞች የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። የሚገለበጠውን ተዉት። ኳሷ የወጣችው መሐል ሜዳ አጠገብ ሆኖ፣ በእግሩ እየገፋ፣ እያወራ፣ ወደ ኮርና ባንዲራው አሥር ሜትር ተጠግቶ ሊወረውር የሚዘጋጀውን ግን አስቁሙት። መጀመሪያ በእጃችሁ ቦታውን አሳዩት። ካልሰማ ይወርውር፣ ከዚያ ፊሽካውን ንፉና ኳሷን ለሌላው ቡድን ስጡ፤ ካልወጣችበት ቦታ የተወረወረች ኳስ የተበላሸ ውርወራ ናት። መስመር በሌለበት ሜዳ ላይ ደግሞ ይህ ጭቅጭቅ አያልቅም፤ ጨዋታው ሳይጀመር መስመሩ የቱ ጋ እንደሆነ ከሁለቱም ቡድን ጋር ተስማሙ፣ በየአሥር እርምጃው አንድ ድንጋይ አስቀምጡ።